የፓምፕ ሞተር በኢንቨርተር ሲሠራ የሚያሰማው ፉጨት፣ ንዝረቱና የሚዋዥቀው የግፊት ንባብ

የፓምፕ ጣቢያ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ በውኃ ማሰራጫ ጣቢያ የኤሌክትሮ መካኒካል ጥገና እሠራለሁ። መሬት ላይ ካለ ታንከር ውኃ ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ከተማው መስመር የሚገፋ ሴንትሪፉጋል ፓምፕ አለን፤ ሞተሩ 45 ኪሎዋት፣ 380 ቮልት፣ ባለ 4 ፖል ሲሆን አንድ ጊዜ ተቃጥሎ እንደገና የተጠቀለለ ነው። ቀድሞ በስታር ዴልታ (የመነሻ ከረንትን በሚቀንስ የማስነሻ ዘዴ) ይነሣ ነበር። የመስመሩን ግፊት 4 ባር ላይ እንዲያቆይልን ኢንቨርተር (ፍሪኩዌንሲውን እየለዋወጠ የሞተሩን ዙር የሚቆጣጠር መሣሪያ) ካስገጠምን በኋላ ግን ከዚያ በፊት የማናውቃቸው ችግሮች ተከታትለው መጡ።

መጀመሪያ ያስቸገረን ከሞተሩ የሚወጣ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነበር። ባልደረባዬ ካሪየር ፍሪኩዌንሲውን (በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ማብሪያዎች በየሰከንዱ ስንት ጊዜ እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ የሚወስነውን) ከ4 ወደ 12 ኪሎኸርዝ ሲያሳድገው ፉጨቱ ጠፋ፤ ይሁን እንጂ ኢንቨርተሩ ቀትር ላይ የሙቀት ስሕተት እያወጣ መቆም ጀመረ። ሁለተኛው ንዝረት ነው። ጸጥ ብሎ ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ፓምፑ ከነመሠረቱ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያው መካከል ቼክ ቫልቩ (ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) በኃይል እየጮኸ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ማሳያው ላይ ፍሪኩዌንሲው ከ30 እስከ 46 ኸርዝ ድረስ ሲመላለስ ይታያል። ሦስተኛው የግፊት ትራንስሚተሩ ነገር ነው፤ ከ0 እስከ 10 ባር ለክቶ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚልክ ሲሆን፣ ኢንቨርተሩ ቆሞ ሳለ ንባቡ አይነቃነቅም፤ ኢንቨርተሩ ሲነሣ ግን ይዋዥቃል።

ከኢንቨርተሩ እስከ ሞተሩ 70 ሜትር ያህል ይሆናል። የተዘረጋው ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል የብረት ሽፋን) የሌለው ባለ 4 ኮር ኬብል ነው፤ የትራንስሚተሩም ሽቦ መሬት ውስጥ በተቀበረው በዚያው ቱቦ አብሮት ያልፋል። ሞተሩ ከፓምፕ ቤቱ ጎን በተቀበረ ዘንግ ለብቻው ኧርዝ ስለተደረገ የኬብሉ አራተኛ ኮር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የኢንቨርተሩን መውጫ በመልቲሜትር ስንለካ ደግሞ በየፌዙ የተለያየና የሚዘል ቮልቴጅ እናያለን። ዕቃውን ያቀረበልን ድርጅት አይጂቢቲው (የኢንቨርተሩ የኃይል ማብሪያ ትራንዚስተር) ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ኢንቨርተሩን ከፍ ባለ አቅም ቀይሩት ይለናል። ወደ ግዢ ከመሄዳችን በፊት ምን ብንመረምር ትመክሩናላችሁ?

ዘደብረ ብርሃን፦

ጤና ይስጥልኝ። የጻፉት መግለጫ የተሟላ ስለሆነ ብዙ መገመት አያስፈልግም። እኔ እስካሁን ኢንቨርተሩን እንዲቀይሩ የሚያስገድድ አንድም ማስረጃ አላየሁም። ተራ መልቲሜትር የተሠራው ለሳይን ሞገድ ነው፤ የኢንቨርተር መውጫ ግን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ የዲሲ ቁርጥራጭ በመሆኑ፣ መሣሪያው የሚያሳየው ቁጥር ከእውነቱ ጋር ላይገናኝ ይችላል። አይጂቢቲው ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ትሩ አርኤምኤስ የሆነ (ሳይን ያልሆነ ሞገድንም በትክክል የሚለካ) ክላምፕ ሜትር ይያዙና ሞተሩ ጭነት ላይ ሳለ የሦስቱን ፌዞች ከረንት ያነጻጽሩ። ሦስቱ ከተቀራረቡ ችግሩ እዚያ አይደለም። መግቢያውንም በዚያው ይለኩ፤ የመግቢያ ፌዞች ሲዛቡ ዲሲው ላይ የ100 ኸርዝ ሞገድ ይፈጠርና ሞተሩ ውስጥ የቶርክ መንቀጥቀጥ ሆኖ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ የተደባለቁትን ነገሮች መለየት ነው። የእርስዎ ሥርዓት የተዘጋ ዑደት ነው፤ ትራንስሚተሩ ለፒአይዲው (ግፊቱን እያየ ዙሩን ለሚያስተካክለው የኢንቨርተሩ መቆጣጠሪያ) ይናገራል፣ ፒአይዲው ዙሩን ይወስናል፣ ዙሩ ግፊቱን ይለውጣል፣ ግፊቱም ተመልሶ ትራንስሚተሩ ጋ ይደርሳል። ከዚህ ዑደት በአንዱ ቦታ የገባ ረብሻ በሌላው ቦታ ንዝረት ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል፣ ዑደቱን ሳይቆርጡ መመርመር ሰውን ያሳስታል። ስለዚህ ኢንቨርተሩን ወደ ማኑዋል ያዙሩትና በ42 ኸርዝ ቋሚ ፍሪኩዌንሲ ያስኬዱት። በዚህ ሁኔታ ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ ንዝረቱ ይቀንሳል ወይስ እንዳለ ይቀጥላል? ቧንቧው ላይ ያለው ባለ ቀስት ማኖሜትርና የትራንስሚተሩ ንባብስ ይስማማሉ? ማኖሜትሩ ረግቶ ሳለ ዲጂታሉ ብቻ ከዘለለ የሚዘለው ግፊቱ ሳይሆን ሽቦው ውስጥ የገባው ረብሻ ነው።

ቀጥሎ በማኑዋል እንዳሉ ከ28 ኸርዝ ጀምረው በ1 ኸርዝ ልዩነት እስከ 50 ይውጡ፤ በየደረጃው ጥቂት ቆይተው የትኛው ላይ እንደሚነዝር ይመዝግቡ። ንዝረት መለኪያ ካገኙ በሚሊሜትር በሰከንድ አርኤምኤስ ይለኩ። በአይኤስኦ 10816-3 (አሁን በአይኤስኦ 20816-3 በተተካው የንዝረት ደረጃ) መሠረት ከ15 እስከ 300 ኪሎዋት ላለና በጠንካራ መሠረት ላይ ለቆመ ማሽን እስከ 2.8 ያለው ለረጅም ጊዜ ሥራ የሚፈቀድ ነው፤ ከ4.5 ካለፈ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ይወሰዳል። በመጨረሻም በጣም በሚነዝርበት ፍሪኩዌንሲ ላይ እንዳለ፣ በራምፕ (ዙሩን ቀስ በቀስ በማውረድ) ሳይሆን በኮስት (ኃይሉ ተቋርጦ በራሱ እየዞረ) እንዲቆም አድርገው መውጫውን ይቁረጡት። ንዝረቱ በቆረጡበት ቅጽበት ከጠፋ መነሻው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከዙሩ ጋር አብሮ ቀስ እያለ ከወረደ መካኒካል ነው። ይህን ሲያደርጉ የመውጫውን ቫልቭ በከፊል ይዝጉት፤ አለበለዚያ ቼክ ቫልቩ በድንገት ሲዘጋ በመስመሩ ላይ የውኃ ምት ያስከትላል።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለምንገኝ ጉዳዩን በየቀኑ የምንኖረው ነው። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዝ ይከብደዋል፤ አብዛኞቹ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚጨመር እያንዳንዱ 100 ሜትር ከኢንቨርተሩ የከረንት አቅም 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። በእናንተ ከፍታ 14 በመቶ ያህል ገና ከመነሻው ሄዷል ማለት ነው። በዚያ ላይ ካሪየሩን ወደ 12 ኪሎኸርዝ ማድረስ አይጂቢቲው በየሰከንዱ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ጊዜ ሦስት እጥፍ ስለሚያደርገው ሙቀቱ ቢበዛ አይገርምም። በመመሪያው ውስጥ ካሪየርን ከሚፈቀደው ከረንት ጋር የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ ይኖራል፤ እሱን ከከፍታው ቅናሽ ጋር አብረው ካላዩት አቅራቢው ያለውን ትልቅ ኢንቨርተር ቢገዙም ተመልሰው እዚሁ ይገኛሉ።

ባለጥቅል፦

በዘደብረ ብርሃን ሐሳብ እስማማለሁ። ሆኖም ሞተሩ የተጠቀለለ መሆኑን ማንም ማለፍ የለበትም። ከ380 ቮልት የሚገኘው ዲሲ ጫፉ 537 ቮልት ነው። አይጂቢቲው በአንድ አሥረኛ ማይክሮሰከንድ አካባቢ ስለሚከፈት፣ የቮልቴጁ ግንባር 70 ሜትር ተጉዞ ሞተሩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ይንጸባረቅና በሞተሩ ተርሚናል ላይ ወደ ሁለት እጥፍ፣ ማለትም ከ1,000 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል። ከ10 ወይም ከ15 ሜትር በላይ በሆነ ኬብል ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ለኢንቨርተር ተብለው የሚሠሩ ሞተሮች በአሜሪካው ኔማ ኤምጂ 1 ክፍል 31 መሠረት 1,600 ቮልት ጫፍ እንዲችሉ ይደረጋሉ። በየሰፈሩ በተራ ኢናሜል ሽቦ የተጠቀለለ ሞተር ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፤ መጀመሪያ የሚጎዱትም የመግቢያው ተርኖች ናቸው። ካሪየሩን ሦስት እጥፍ ማሳደግ ይህን ምት በየሰከንዱ ሦስት እጥፍ ማብዛት መሆኑን ይገንዘቡ። ከኢንቨርተሩ መውጫ አጠገብ የዲቪ ዲቲ ፊልተር (የቮልቴጁን ድንገተኛ አነሣሥ የሚያለዝብ ማጣሪያ) ማስገባት ለዚህ ሞተር ቅንጦት አይደለም።

ሜገር ማድረግ (የጥቅሉን ኢንሱሌሽን በከፍተኛ ቮልቴጅ መፈተሽ) ከፈለጉ ሦስቱን የሞተር ሽቦዎች ከኢንቨርተሩ ነቅለው ብቻ ነው። ሳይነቅሉ የሜገሩን ቮልቴጅ የሰጡት እንደሆነ አይጂቢቲው ያን ጊዜ በእርግጥ ይጎዳል። ኃይል ከተቋረጠም በኋላ ካፓሲተሮቹ እስኪራገፉ መመሪያው የሚለውን ደቂቃ ጠብቁ፤ ዲሲውንም ሳትለኩ እጃችሁን አትስደዱ።

የፓምፕ ጣቢያ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የታዘዘውን አድርገናል። የሦስቱ ፌዞች ከረንት 68፣ 69 እና 67 አምፔር ነው፤ ስለዚህ የአይጂቢቲው ጥርጣሬ ተነሥቷል። መግቢያውም ብዙ አልተዛባም። በማኑዋል 42 ኸርዝ ስናስኬደው ፍሪኩዌንሲው ረጋ፣ ማኖሜትሩም ረጋ፣ ቼክ ቫልቩም መጮኹን ተወ። ዲጂታሉ ንባብ ግን በዚያው ሁኔታ ከ0.6 ባር በላይ ይዘላል። ደረጃ በደረጃ ስንወጣ ከ32 እስከ 34 ኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል መሠረቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በላይ እስከ 50 ድረስ ንዝረቱ ከ2 ሚሊሜትር በሰከንድ አልበለጠም። በ33 ኸርዝ ላይ ስንቆርጠውም ንዝረቱ ወዲያው አልጠፋም፤ ከዙሩ ጋር ወረደ።

አሁን ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ከ32 እስከ 34 ያለውን በጃምፕ ፍሪኩዌንሲ ማስዘለል ይበቃናል? የፓምፑ ከርቭ ቫልቭ ተዘግቶ በ50 ኸርዝ 75 ሜትር ያነሣል ይላል።

ዘደብረ ብርሃን፦

በጣም ጥሩ ምርመራ ነው። ጃምፕ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የሰጡኝ ቁጥር ከዚያ የተሻለ ነገር ይናገራል። ፓምፕ የሚያነሣው ከፍታ ከዙሩ ስኩዌር ጋር ነው የሚወርደው። በ33 ኸርዝ 75 ሜትሩ ወደ 33 ሜትር ይወርዳል። መስመርዎ ግን 4 ባር፣ ማለትም 41 ሜትር ገደማ ይዟል። ታንከሩ ከፓምፑ ጋር በእኩል ደረጃ ካለ፣ ፓምፑ ቼክ ቫልቩን መክፈት የሚጀምረው 37 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ምንም ውኃ ሳያወጣ በራሱ ሆድ ውስጥ ያለውን እያማሰለ ያሞቃል። ስለዚህ በ33 ኸርዝ የሚሰማዎት ንዝረት የመሠረቱ ሬዞናንስ (ዙሩ ከመሠረቱ የተፈጥሮ ንዝረት ጋር መገጣጠሙ) ሊሆን ይችላል፤ ፓምፑ በዝግ መስመር ላይ መሥራቱም ይጨምርበታል። የትኛው እንደሚያመዝን ለመለየት መድከም ግን አያስፈልግዎትም፤ ፓምፕዎ እዚያ ክልል ውስጥ ምንም ሥራ የለውም። ዝቅተኛውን የፍሪኩዌንሲ ገደብ 38 ኸርዝ ላይ ያድርጉት። በሌሊት ፍጆታው ሲቀንስ በዚያ ዙር ላይ ለረጅም ጊዜ እንዳይንከራተት የእንቅልፍ ሞድ ያብሩለት።

የቼክ ቫልቩም ጩኸት ከዚሁ የመጣ ነው። በሽቦው የገባው ረብሻ ፒአይዲውን ግፊቱ በዛ ብሎ ያሳስተዋል፤ ፒአይዲው ዙሩን ወደ 30 ያወርዳል፤ ፓምፑ መስመሩን መሸከም ሲያቅተው ቫልቩ ይዘጋል፤ ወዲያው ግፊቱ አነሰ ተብሎ እንደገና ይወጣል። ባለ 10 ባር ትራንስሚተር ላይ አንድ ባር 1.6 ሚሊአምፔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎን 0.6 ባር ለመፍጠር ከ1 ሚሊአምፔር ያነሰ ረብሻ በቂ ነው። የፒአይዲውን ዲ (ለለውጥ ፍጥነት ምላሽ የሚሰጠውን ክፍል) ዜሮ ያድርጉት፤ ረብሻን የሚያጎላ እሱ ነው። የአናሎግ መግቢያውን የፊልተር ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድ ማሳደግም ይረዳል፤ ግን ሽቦው ሳይስተካከል ፊልተር ብቻ መጨመር በሽታውን መሸፈን ነው።

ዱባይ ጥገና፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ እዚህ የምሠራው በትላልቅ ሕንፃዎች የአየር ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎች ላይ ቢሆንም የኢንቨርተሩ ጠባይ አንድ ነው። ዋናው ስሕተት የኧርዙ አያያዝ ይመስለኛል። በየአይጂቢቲው መከፈትና መዘጋት ከጥቅሉ ወደ ሞተሩ አካል የሚያፈተልክ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ከረንት አለ፤ ይህ ከረንት የሚፈልገው መሬትን ሳይሆን ወደ ተነሣበት ኢንቨርተር መመለስ ነው። ፓምፕ ቤቱ ጎን የተቀበረው ዘንግ ለሰው ደኅንነት ተጨማሪ ሆኖ ይቆይ፤ ለዚህ ከረንት ግን መመለሻ አይሆነውም። አሁን መንገድ ስላላገኘ በቧንቧው፣ በአፈሩና በትራንስሚተሩ ሽቦ በኩል እየዞረ ይመለሳል። ሥራ ፈት ያሉት አራተኛው ኮር ነው መድኃኒቱ፤ በአንድ በኩል ከሞተሩ አካል ጋር፣ በሌላ በኩል በቀጥታ ከኢንቨርተሩ የኧርዝ ተርሚናል ጋር ይታሰር።

የትራንስሚተሩን ሽቦ ከቱቦው አውጥተው በሌላ መንገድ ያሳልፉት። ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ 70 ሜትር አብሮ የሚሄድ ከሆነ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ መሻገር ግድ ከሆነ በቀጥተኛ ማዕዘን ይሻገር። የተጠማዘዘ ጥንድና ሺልድ ያለው ሽቦ ይሁን። ሺልዱ በሁለቱም ጫፍ በቀለበት መያዣ ዙሪያውን ኧርዝ ይደረግ። ከተቻለም በኢንቨርተሩ መውጫ ላይ ሦስቱን የሞተር ፌዞች አንድ ላይ በፌራይት ቀለበት ውስጥ ያሳልፏቸው፤ የኧርዙ ኮር ግን በቀለበቱ ውስጥ አይግባ።

ባለጥቅል፦

ይቅርታ፣ በሺልዱ ላይ አልስማማም። ለሞተር ኬብል በሁለቱም ጫፍ ማሰር ትክክል ነው። ለሲግናል ሽቦ ግን በዚህ ጣቢያ ሁኔታ በፓነሉ በኩል ብቻ እንዲታሰር እመክራለሁ። ፓምፕ ቤቱ የራሱ የኧርዝ ዘንግ አለው፤ በሁለቱ ኧርዞች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ሲኖር የ50 ኸርዝ ከረንት በቀጭኑ ሺልድ ውስጥ ይፈስና አዲስ ረብሻ ይሆናል።

ዱባይ ጥገና፦

ትክክል ነዎት፤ እኔ የምሠራባቸው ሕንፃዎች ሁሉ በአንድ የኧርዝ መረብ የተሳሰሩ ስለሆኑ ያልኩት ለእነርሱ ነው የሚሠራው። በሁለት የተለያዩ ኧርዞች መካከል ከሆነ በፓነሉ በኩል ብቻ ይታሰር፤ በትራንስሚተሩ በኩል ያለው ጫፍ ተጠቅልሎ ይተው ወይም በትንሽ ካፓሲተር በኩል ይታሰር፤ ካፓሲተሩ ለከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ መንገድ ሰጥቶ 50 ኸርዙን ያግዳል።

አንድ ነገር ግን ሳልጨምር አላልፍም። በ12 ኪሎኸርዝ የቆየ ሞተር ከሆነ ኩሽኔታዎቹን ይጠርጥሩ። ኢንቨርተር በሞተሩ ዘንግ ላይ ቮልቴጅ ያጠራቅማል፤ ያ ቮልቴጅ በኩሽኔታው ግሪስ ውስጥ ብልጭታ እየሆነ ሲፈነዳ ትራኩን በጥቃቅን ጉድጓዶች ይበሳዋል። ሲውል ሲያድር ጉድጓዶቹ ተደርድረው በውጭው ቀለበት ላይ እንደ ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ያሉ አግድም መስመሮች ይሠራሉ፤ ግሪሱም ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ኩሽኔታ ድምፁ ከካሪየር ፉጨት ይለያል፤ ከዙሩ ጋር እየወጣና እየወረደ የሚያጉረመርም ነው። መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱ ካልተዘጋ አዲሱም እንዲሁ ይሆናል። በእናንተ መጠን ባለ ሞተር ላይ ዘንጉን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያገናኝ የኧርዝ ብሩሽ ወይም ቀለበት ይደረጋል፤ በጣም ትልቅ በሆኑት ላይ ደግሞ በተጨማሪ በማራገቢያው በኩል ያለው ኩሽኔታ ኢንሱሌትድ ይሆናል።

የፓምፕ ጣቢያ፦

አራተኛውን ኮር በሁለቱም ጫፍ አሰርነው፣ ካሪየሩን ወደ 4 መለስነው፣ ዝቅተኛውን ገደብ 38 አደረግነው፣ ዲውንም ዜሮ አደረግን። የትራንስሚተሩን አዲስ ሽቦ ገና ሌላ ቱቦ ስላልቀበርንለት ለጊዜው በግድግዳው ላይ አሳልፈነዋል፤ ሺልዱም በፓነሉ በኩል ብቻ ታስሯል። ኮሩ ብቻ እንደታሰረ የንባቡ መዋዠቅ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር፤ ሽቦው ሲለይ ደግሞ በዲጂታሉና በማኖሜትሩ መካከል የሚታይ ልዩነት አልቀረም። አሁን በአውቶማቲክ ከ41 እስከ 45 ኸርዝ እየሠራ ነው፤ ቫልቩም አልጮኸም፤ የሙቀት ስሕተቱም አልተመለሰም። የካሪየሩ ፉጨት እርግጥ ተመልሷል። የዲቪ ዲቲ ፊልተሩ የግዢ ጥያቄ ቀርቧል፤ ፉጨቱንም ያጠፋልን ይሆን? ኩሽኔታውን ዱባይ ጥገና እንዳሉት በብረት ዘንግ ስናዳምጠው በማራገቢያው በኩል ትንሽ ማጉረምረም አለ።

ባለጥቅል፦

የዲቪ ዲቲ ፊልተር የቮልቴጁን ግንባር ያለዝባል እንጂ ፉጨቱን አያጠፋም፤ ፉጨትን የሚያጠፋው የሳይን ፊልተር ነው፤ እሱ ግን ውድና ከባድ ከመሆኑም በላይ ጥቂት ቮልቴጅ ይበላል። ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ሰው የማይውል ከሆነ በፉጨቱ ምክንያት ገንዘብ አታውጡ። ካስቸገረ ከፍታውንና የመመሪያውን ሠንጠረዥ አይታችሁ ካሪየሩን 5 ወይም 6 ላይ ሞክሩት፤ ኢንቨርተራችሁ ካሪየሩን በዘፈቀደ የሚለዋውጥ ሞድ ካለው ደግሞ እሱን አብሩት፤ አንድ ወጥ ፉጨቱን ወደ ለስላሳ እሽታ ይቀይረዋል።

ዱባይ ጥገና፦

ማጉረምረሙ ካለ የሚቀጥለውን የማቆሚያ ጊዜ አይጠብቁ፤ ተጠባባቂ ፓምፕ ካላችሁ ወደ እሱ አዙራችሁ ሁለቱንም ኩሽኔታ ለውጡ። የወጣውን አሮጌውን አትጣሉት፤ የውጭውን ቀለበት በመጋዝ ለሁለት ቆርጣችሁ ትራኩን በብርሃን ተመልከቱ። አግድም መስመር ካያችሁ የዘንጉን የኧርዝ ብሩሽ ከፊልተሩ ጋር በአንድ የግዢ ጥያቄ ውስጥ አስገቡት፤ መስመር ከሌለና ትራኩ በአንድ በኩል ብቻ ከተላጠ ግን ነገሩ የኢንቨርተሩ ሳይሆን የካፕሊንጉ መስመር መዛባት ስለሆነ የፓምፑንና የሞተሩን አላይንመንት ለኩ።